«የምን ዶክተር?» ለተባልሽው እህቴ

ጥያቄው፦ «ጅማ ነው የምኖረው። የአፈር ተመራማሪ ነኝ። በቅርቡ ፒኤችዲዬን ጨርሻለሁ። ግቢ ውስጥ ሁሉም ዶክተር ይለኛል፣ እዚያ ችግር የለም። ችግሩ ከግቢ ስወጣ ነው። የአክስቴ ልጅ ሐኪም ነው። ቤተሰብ በተሰበሰበበት አንድ ሰው ዶክተር ብሎ ሲጠራኝ ‹የምን ዶክተር? የጭቃ?› ብሎ ቤቱን በሳቅ ሞላው። ጎረቤቶቼ ደግሞ በተቃራኒው የታመመ ልጅ ታቅፈው በሌሊት በሬን ያንኳኳሉ። እናቴ በሠርጌ ካርድ ላይ ማዕረጌ ካልተጻፈ ብላ ይዛኛለች፤ እጮኛዬ ነጋዴ ነው። ሐኪም ሳልሆን ዶክተር መባሌ ሰው ማታለል ነው? የት ልጠቀምበት? የትስ ልተወው?»

እህቴ፣ በመጀመሪያ እንኳን ደስ አለሽ። ለምርቃቱም፣ ለሠርጉም።

ማታለል አይደለም። ማዕረጉ ያንቺ ነው። ዓመታት ደክመሽበታል፤ የመመረቂያ ጽሑፍሽን ይዘሽ ፈታኞች ፊት ቆመሽ ተከራክረሽበታል፤ ዩኒቨርሲቲው በሴኔቱ አጽድቆ ሰጥቶሻል። ማንም ዘመድ ከሶፋ ላይ ሆኖ ሊነጥቅሽ አይችልም። ግን ነገሩ እዚህ ላይ አያልቅም። የአክስትሽ ልጅ አቀራረቡ ቢያስቀይምም ጥያቄው መልስ የሚፈልግ ጥያቄ ነው። የምን ዶክተር? ጎረቤቶችሽም በሌሊት በርሽን የሚያንኳኩት ይህንኑ የነገራቸው ሰው ስለሌለ ነው።

እኔ የትምህርት አስተዳደር ሰው ነኝ። የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት በሬጅስትራርና በማዕረግ ዕድገት ኮሚቴዎች ውስጥ ነው። ሰው በደመወዝ ከሚጣላው ይልቅ «ስሜ ያለ ማዕረግ ተጠራ» ብሎ የሚጣላው ይበዛል ብል ያጋነንኩ እንዳይመስልሽ።

«ዶክተር ማለት ሐኪም ነው» የሚለውን እንየው። በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ፣ ቦሎኛና ፓሪስን በመሳሰሉ ዩኒቨርሲቲዎች፣ ዶክተርነት ለማስተማር የበቃ ሰው ማዕረግ ነበር። የሥነ መለኮት፣ የሕግና የሕክምና ሊቃውንት በእኩል ይጠሩበት ነበር። ሐኪሞች ከባለቤቶቹ አንዱ እንጂ ብቸኛ ባለቤት አልነበሩም። አንቺ የያዝሽው፣ በምርምር የሚገኘው ዶክትሬት ደግሞ መልኩን የያዘው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀርመን ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1810 የተመሠረተው የበርሊን ዩኒቨርሲቲ ዋና አርአያው ነበር። አሜሪካ ውስጥ ዬል በ1861 የመጀመሪያዎቹን ሰጠ። ኦክስፎርድ እስከ 1917 ድረስ አንገራግሮ ነው የተቀበለው።

እንግሊዝ አገር ያለው ልማድ ደግሞ ያስቃል። እዚያ ሐኪም የሚሆን ሰው ከሕክምና ትምህርት ቤት ይዞ የሚወጣው የባችለር ዲግሪ ነው። ዶክተር የሚባለው በልማድ፣ በአክብሮት ነው። ስፔሻላይዝ አድርጎ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ሲሆን ደግሞ ማዕረጉን ትቶ ወደ «ሚስተር» ይመለሳል። የድሮዎቹ ቀዳጆች ከፀጉር አስተካካዮች ጋር በአንድ ማኅበር የታቀፉ፣ ዩኒቨርሲቲ ያልገቡ የእጅ ባለሙያዎች ስለነበሩ ነው። ያ የንቀት መጠሪያ ዛሬ መኩሪያ ሆኗል። የአክስትሽ ልጅ ለንደን ሄዶ ሰርጀን ቢሆን ተመልሶ «አቶ» ሊባል ነው ማለት ነው።

ይህን ግን እሱን ለማሳፈር ብለሽ አታውጪው። እኛ አገር ሕክምና የጨረሰ ሰው የሚሰጠው ዲግሪ ራሱ የሕክምና ዶክተርነት ነው። የስንት ዓመት ትምህርት፣ የስንት ሌሊት ተረኛነት ዋጋ ነው። ፒኤችዲ ደግሞ ሌላ መንገድ ነው። አዲስ ዕውቀት አምጥተሽ፣ በጥያቄ ተወጥረሽ፣ «ይህ ከዚህ በፊት አልታወቀም ነበር» ብለሽ የምታስረጂበት። «የቱ ይበልጣል?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ካጋጠመሽ ቡና ጋብዢው እንጂ መልስ አትስጪው።

ክርክሩ የኛ ብቻ አይደለም። ጀርመኖች ማዕረጉን መታወቂያና ፓስፖርት ላይ ሳይቀር ያስገቡታል። ሳይገባው የተጠቀመ ደግሞ በወንጀል ይጠየቃል። እ.ኤ.አ. በ2011 የመከላከያ ሚኒስትራቸው የመመረቂያ ጽሑፋቸው ከሌሎች የተቀዳ ሆኖ ተገኝቶ ዶክትሬታቸውን ተነጠቁ፤ ሥልጣኑንም ለቀቁ። ጣሊያን በተቃራኒው ለጋስ ነች፤ የመጀመሪያ ዲግሪ የያዘውን ሁሉ «ዶቶሬ» ትላለች። አሜሪካ ውስጥ በ2020 መጨረሻ ላይ የባይደን ባለቤት ጂል ባይደን፣ በትምህርት ዘርፍ ዶክትሬት ያላቸው መምህርት፣ ዶክተር መባሉን ይተዉት ተብሎ ጋዜጣ ላይ ተጻፈና አገር ተንጫጫ። የጽሑፉን ተቺዎች ካስቆጣቸው አንዱ፣ ጂል ባይደን ሴት ባይሆኑ ኖሮ ጽሑፉ አይጻፍም ነበር የሚለው ነው። ወደዚህ እመለሳለሁ።

ወደ አገራችን ስንመጣ፣ እኛ ማዕረግ እንወዳለን። ትናንት ቀኛዝማች፣ ፊታውራሪ፣ ደጃዝማች ነበር። አብዮቱ እነሱን ሰብስቦ ሁሉንም «ጓድ» አደረገ። ጓድም ሄደ፣ ኢንጂነርና አርቲስት መጣ። ጅማ ደግሞ የባሰበት ነው። ሐጂው አለ፣ ሼሁ አለ፤ ንጉሡ አባ ጂፋር እንኳ የሚታወቁት በፈረስ ስማቸው ነው። እንዲህ ባለ አገር «ማዕረግ ምን ያደርጋል» ብሎ መስበክ ዋጋ የለውም።

ሐኪም ሳይሆኑ ዶክተር ሲባሉ ማንም ያልተገረመባቸው ሰዎችም አሉን። ዶክተር አክሊሉ ለማ ሐኪም አልነበሩም፤ የጥገኛ ተሕዋስያን ተመራማሪ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ከዚያ ተነስተው የቢልሃርዝያን አስተላላፊ ቀንድ አውጣ በእንዶድ የመግደልን መንገድ ለዓለም አሳዩ። ሐኪም ቤት ውስጥ አንድ በሽተኛ ሳያክሙ ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ዋና ዳይሬክተር ዶክተር ቴድሮስ አድሃኖምም ዶክትሬታቸው በማኅበረሰብ ጤና ነው። ድርጅቱን ከመሩት ሐኪም ያልሆኑት የመጀመሪያው ሰው ናቸው። የአክስትሽ ልጅ እሳቸውን «የምን ዶክተር?» ሲል ሰምተሽው ታውቂያለሽ?

ጅማ ላይ ነገሩ የሚወሳሰበው ከተማዋ የሁለቱም ዶክተሮች መፍለቂያ ስለሆነች ነው። የግብርና ትምህርት ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1952 ተከፈተ፤ የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ በ1983። ሁለቱ ተዋሕደው በ1999 ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሆኑ። የማሽላ ተመራማሪው ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጀታ፣ እ.ኤ.አ. የ2009 የዓለም የምግብ ሽልማት ባለቤት፣ ከዚያው ከጅማ የግብርና ትምህርት ቤት ነው የተነሱት። መልኮ ግብርና ምርምር ሄደሽ «ዶክተር!» ብለሽ ብትጣሪ የሚዞረው የቡና ሰው ነው። ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ብትጣሪ ደግሞ ግማሹ ኮሪደር ይዞራል። አንድ ከተማ፣ አንድ ዩኒቨርሲቲ፣ ሁለት ዓይነት ዶክተር።

የአክስትሽ ልጅ ትክክል የሚሆነው ይሄ ኮሪደር ላይ ነው። በጤናው በኩል በማይክሮባዮሎጂ፣ በአናቶሚ፣ በሕብረተሰብ ጤና ፒኤችዲ ያላቸው መምህራን አሉ። ነጭ ጋውን ለብሰው በዚያው ኮሪደር ያልፋሉ። አስታማሚው ከሰቃ ወይም ከአጋሮ መጥቷል። የራጅ ፊልሙን በፌስታል ይዟል። ከጠዋት ጀምሮ ከካርድ ክፍል ወደ ላቦራቶሪ፣ ከላቦራቶሪ ወደ ካርድ ክፍል ሲመላለስ ውሏል። ጋውን ያያል። አንዱ «ዶክተር» ብሎ ሲጠራ ይሰማል። ተከትሎ ይሮጣል። «ዶክተር፣ እስቲ ይቺን እይልኝ» ይላል፣ ፊልሙን ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አድርጎ።

ለዚያ ሰው የማዕረጉ ታሪክ ምኑም አይደለም። ቦሎኛ ምኑም አይደለም። «ዶክተር» ሲል የሚፈልገው የሚያክም ሰው ነው። እዚያ ላይ ዝም ማለት ማታለል ነው። ምንም ውሸት ሳይናገሩ እንኳ። ፊልሙን ተቀብሎ «እህ… እህ…» ማለት ደግሞ ከዚያም የባሰ። ማዕረግ የሙያ ፈቃድ አይደለም። ያለ ፈቃድ ማከም በአገራችን ሕግ ወንጀል ነው፤ ፒኤችዲ ከዚህ አያድንም። መልሱ አጭር ነው። «እኔ ሐኪም አይደለሁም፣ መምህር ነኝ፤ ና፣ የሚያይልህ ጋ ላድርስህ።» ከቻሉ ደግሞ ባጁ ላይ ከስም በታች ሙያን በጉልህ ማጻፍ።

በነገራችን ላይ እዚያው ኮሪደር ላይ ማዕረግ በነፃ ይታደላል። ገና ያልተመረቀው የሕክምና ተማሪ ዶክተር ነው። ጤና መኮንኑ ዶክተር ነው። መድኃኒት ቤት ያለው ልጅ ዶክተር ነው። ወንድ ነርስ ሳይቀር ዶክተር ይባላል። ስቴቶስኮፕ አንገቷ ላይ ያንጠለጠለችው ሐኪም ግን «ሲስተር» ትባላለች። የአክስትሽ ልጅ ማዕረጉ ያለ ቦታው መዋሉ ካንገበገበው አጠገቡ ብዙ የሚታረም ነገር አለለት።

የጎረቤቶችሽ ነገርም ያው የኮሪደሩ ነገር ነው። በር ላይ ቆመሽ ትምህርት አትስጪ። ትኩሳት የያዘው ልጅ እያለ «እኔ እኮ የአፈር…» ብለሽ ማብራራት አትጀምሪ። «ሐኪም አይደለሁም፣ ቶሎ እንሂድ» ብለሽ ባጃጅ ጥሪላቸው። የምታውቂው ጤና ጣቢያ ካለ ምሪያቸው። ብቻ መድኃኒት እንዳትነግሪያቸው። «እኔ ልጄ ሲያመው ይህን ነበር የሰጠሁት» የምትለው ጎረቤት ብትናገረው የጎረቤት ወሬ ነው። ያው ቃል ካንቺ አፍ ሲወጣ የዶክተር ትዕዛዝ ይሆናል። ልዩነቱ ይሄ ነው። በማግስቱ ቡና ላይ በደንብ አስረጂያቸው። ቡና ላይ ያልተሰማ ነገር ሰፈር ውስጥ አይሰማም።

ደግሞም ልንገርሽ፣ «የአፈሯ ዶክተር» የሚል ስም ቢወጣልሽ ደስ ይበልሽ። መስክሽ ከማዕረግሽ ጋር ተጣበቀ ማለት ነው። ጭቅጭቁን ሁሉ የሚያመጣው ማዕረጉ ለብቻው ሲዞር ነው። የአክስትሽ ልጅ ሲስቅብሽ ሳያውቀው መፍትሔውን ነግሮሻል። በሚቀጥለው «የምን?» ሲልሽ ሳትቆጪ «የአፈር» በይው። ጨርሺና የጅማ ዙሪያ አሲዳማ አፈር ቡናውንና በቆሎውን ምን እያደረገው እንደሆነ፣ ኖራ ሲጨመርበት ምን እንደሚለወጥ ንገሪው። እናቱ ጓሮ ካላት አፈሯን ይዞልሽ ይመጣል።

ገበሬ ማሳ ላይ ግን ማዕረጉን ባትሸከሚው ይሻላል። ቀበሌው ጋ «ዶክተር መጣች» ሲባል ወንበር ይወጣል፣ ሊቀመንበሩ ይጠራል። ጥሩ ነው፣ በር ይከፍታል። ማሳው ላይ ሲደርስ ግን ያው ቃል አፍ ይዘጋል። ገበሬው «እሷ ታውቃለች» ብሎ ዝም ይላል። አንቺ ደግሞ የሄድሽው እሱ የሚያውቀውን ለመስማት ነው። የቱ ጥግ እንደሚደርቅ፣ የቱ ዛፍ እንደሚቀጭጭ ካንቺ በፊት ያየው እሱ ነው። አብሮሽ ለሚሄደው የልማት ሠራተኛ ቀድመሽ «በስሜ አስተዋውቀኝ» በይው።

አሁን ወደ ሴትነቱ። ይህን ሳትጠይቂኝ ነው የማነሳው። መድረክ ላይ ሁሌ የማየው ነገር ነው። የመድረክ መሪው ተናጋሪዎቹን ይጠራል። «ዶክተር እገሌ፣ ዶክተር እገሌ፣ ፕሮፌሰር እገሌ፣ እና ወይዘሮ እገሊት።» ወይም በኦሮምኛ «አዴ እገሊት»። ወይዘሮዋ ከፊተኞቹ ጋር እኩል ዲግሪ አላት፤ አንዳንዴም ትበልጣቸዋለች። ብትናገር «ማዕረግ ወዳድ» ትባላለች። ዝም ብትል ደግሞ ታዳሚው ሻይ ያፈላች የስብሰባ አስተባባሪ ያደርጋታል። ይሄ ትሕትና አይደለም፣ ስርቆት ነው። እንዲህ ያለ መድረክ ላይ ትሕትናሽን ቤትሽ ትተሽው ሂጂ። ፕሮግራሙ ከመጀመሩ በፊት ለመድረክ መሪው ስምሽን ከነ ማዕረጉ በወረቀት ጽፈሽ ስጪው። ሁሉም በስም ብቻ ከተጠራ አንቺም በስምሽ። የሌሎቹ ማዕረግ ከተነበበ ያንቺም ይነበብ። ወንዶቹ ባልደረቦችሽ ሰምተው ዝም ካሉ እነሱንም ታዘቢያቸው።

ራስሽን ስታስተዋውቂ ግን ሌላ ነው። በኛ ባህል ማዕረግ ሌላው ሰው ያቀርብልሻል እንጂ ራስሽ አታነሺውም። «ዶክተር እገሊት እባላለሁ» ጆሮ ይኮረኩራል። «እገሊት እባላለሁ፣ የአፈር ተመራማሪ ነኝ» በቂ ነው። የሚጠራሽ ሰው ካስፈለገው ይጨምርበታል። የሥራ ደብዳቤ፣ የምርምር ጽሑፍ፣ የፍርድ ቤት ሙያዊ ምስክርነት ላይ ግን ያለ ይሉኝታ ጻፊው፤ እዚያ ማዕረጉ የብቃት ማስረጃ ነው። አጻጻፉ ላይ አንዳንድ ጋዜጦች የሚከተሉትን እወደዋለሁ። ስሙ ይቀድማል፣ ማዕረጉ በቅንፍ ይከተላል፣ «እገሊት እገሌ (ዶ/ር)» ተብሎ። ሰውየው ይቀድማል፣ ወረቀቱ ይከተላል። «ዶ/ር እገሊት ፒኤችዲ» ብሎ ደርቦ መጻፍ ግን ሁለት ኮፍያ ደርቦ እንደ ማድረግ ነው። ውጭ አገር ኮንፈረንስ ስትሄጂ ደግሞ በአባትሽ ስም ነው የሚጠሩሽ፤ ዶክትሬቱን በአንድ ሌሊት አባትሽ ያገኙታል። እኔ አላርማቸውም። አባቶቻችን ከዚህ በላይ ይገባቸዋል።

ስለ የክብር ዶክትሬት አልጠየቅሽኝም፤ የአክስትሽ ልጅ ግን ቀጥሎ የሚያነሳው እሱን ስለሆነ በአጭሩ ልጨምር። የክብር ዶክትሬት ዩኒቨርሲቲ ለአንድ ሰው የሕይወት ሥራ የሚሰጠው ምስጋና ነው። ጥላሁን ገሠሠ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ አሊ ቢራ ከዚሁ ከጅማ ዩኒቨርሲቲ አግኝተዋል፤ ይገባቸዋል። አጠራሩ ግን «የክብር ዶክተር» ነው፣ ከነ «የክብር»ው። ያንን ቆርጦ «ዶክተር» ብቻ ማለት ምስጋናውን ወደ ምርምር ዲግሪ መቀየር ነው። ከኢንተርኔት በገንዘብ የተገዛው ወረቀት ደግሞ ከሁለቱም አይደለም። የውጭ ዲግሪን አቻ የሚያወጣ የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን አለ። እሱ ጋ ይዘህ ሂድ ሲባል አገር የሚጠፋበት ሰው ካለ ምን እንደያዘ ታውቂዋለሽ።

የቀረው ካርዱ ነው። የሠርግ ካርድ የሥራ ደብዳቤ አይደለም። እኔ ብሆን ሁለቱንም ስም ባዶውን እጽፈው ነበር። አንቺንም እጮኛሽንም። ጥሪው ለማዕረግ አይደለም፤ ደግሞም ካርዱን የሚያነበው ዘመድ ሁሉ ማን እንደሆንሽ ያውቃል። ግን እናትሽን አትርሺያቸው። ልጃቸው አጠገባቸው ሆና ሌት ተቀን ስታነብ ሻይ ያቀረቡላት እሳቸው ናቸው፤ ካርዱ ላይ የሚያዩት የራሳቸውን ድካም ነው። ስለዚህ መጀመሪያ እጮኛሽን ጠይቂው፣ እናትሽ ሳይሰሙ፣ ለብቻው። «ይጻፍ» ካለ ከልቡ መሆኑን አረጋግጪ። ከዚያ ካርዱን ተመልከቺ። ከላይ ጠሪዎቹ አባቶች «ሐጂ» ወይም «ሻለቃ» ተብለው ከተጻፉ፣ ያንቺ ቢጨመር ማንንም አያስገርምም። «ወ/ት» የሚለው በሚገባበት ቦታ «ዶ/ር» ይግባ፤ ሁለቱ ጎን ለጎን አይጻፉም። የእጮኛሽ ስም ፊት «አቶ» ይሁን። ጎደለ ብለው የሌለ ማዕረግ እንዳይፈልጉለት። አንዳንድ ማተሚያ ቤት የሙሽራው ፊት ባዶ ሲያይ «ኢንጂነር» ብሎ ስለሚጨምር፣ ወደ ኅትመት ከመግባቱ በፊት ፕሩፉን፣ የሙከራ ቅጂውን ማለት ነው፣ ራስሽ ሄደሽ እዪው።